አሥሩ ደቂቃ ለምን አይሰለችም?

«ይሄ ጌም ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ጌም የሚወዱ ልጆች ስለ አንድ አዲስ ጌም ሲያወሩ ቀድመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። «ሠላሳ ሰዓት» ከተባለ «ኧረ አሪፍ ነው!» ይባላል። «ስድስት ሰዓት» ከተባለ ግን ፊት ይጨማደድና «ታዲያ ይሄ ምኑን ጌም ሆነ?» ይከተላል። ጌም እንደ ጨርቅ በሜትር፣ እንደ ስኳር በኪሎ የሚሸጥ ይመስል ርዝመቱ የጥሩነቱ ማረጋገጫ ሆኗል።

እኔ በዚህ አልስማማም። አንድን ጌም ደጋግመን እንድንጫወት የሚያደርገን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚወስደው ጠቅላላ ጊዜ ነው ብዬ አላምንም። እንደኔ እንደኔ ወሳኙ ነገር አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ፣ በዚያ ዙር ውስጥ ያለው የፍጥነትና የእርጋታ አካሄድ፣ በመጨረሻም ዙሩ በቅጡ ማለቁ ነው። በቅጡ ያለቀ ነገር እንደገና ያስጀምራል። ያላለቀ ነገር ደግሞ ወይ ይረሳል፣ ወይ እንደ ዕዳ ያስጨንቃል።

አንዳንድ አንባቢ «የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ጌም ምን አገባው?» ይል ይሆናል። በሁለት ምክንያት ያገባዋል። አንደኛ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ሙዚቃና ስለ እግር ኳስ ብዙ ይጻፋል፤ የብዙ ወጣቶች ምሽት የሚያልፍበት ጌም ግን ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ «ልጆቻችንን አበላሸ» ለማለት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የርዝመትና የአካሄድ ነገር የራሳችን ሙያ ጥያቄ ነው። አንባቢ ወይም አድማጭ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚለውን ጥያቄ የማይጠይቅ ጋዜጠኛ የለም።

አሸናፊ ይቀጥላል

መልሱን ለማግኘት ጃፓንና አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። የማያውቀው ካለ ላስረዳ። በሩ ላይ መጋረጃ ያለው አንድ ክፍል ነው። ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን፣ ከፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ከአግዳሚው ኋላ ደግሞ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅና እስከዚያው ድረስ አሰልጣኝ የሚሆን ልጅ አይጠፋም። «አቀብለው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» የሚለው እሱ ነው።

ሂሳቡ በጨዋታ ነው። የሚከፈተው ጌም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እግር ኳስ ነው። ታላላቆቻችን «ዊኒንግ ኢለቨን» ይሉት የነበረው የኮናሚ ጌም «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ «ኢፉትቦል» ተባለ። ተፎካካሪው «ፊፋ»ም እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ቀይሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሆኗል። ስሙ ይቀያየራል እንጂ አግዳሚው ላይ የሚሆነው ነገር አልተቀየረም። አንዱ አርሰናልን ይይዛል፣ ሌላው ማንቸስተርን ይይዛል፤ ተሸናፊ ይከፍልና ይነሳል፣ አሸናፊ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የአንዱን ግጥሚያ ርዝመት ከ5 ደቂቃ እስከ 30 ደቂቃ መምረጥ ይቻላል። የቤቱ ባለቤት የሚመርጠው ግን አጭሩን ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነዋ! አሥር ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ዘጠና ደቂቃ ይቆጥራል፤ ማለትም ጊዜው ዘጠኝ እጥፍ ይሮጣል። ሆኖም ኳሷ ለውርወራ ትወጣለች፣ ማዕዘን ምት ይሆናል፣ የእረፍት ፊሽካ ይነፋል። እነዚህ ትንንሽ ፋታዎች ናቸው ተጫዋቹን ትንፋሽ የሚያስወስዱት፤ ተመልካቹንም የሚያስፎክሩት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሰማንያኛው ደቂቃ ሲደርስ አንድ ለባዶ የሚመራው ልጅ ኳሷን ማንከባለል ይጀምራል፤ የተመራው ደግሞ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያቅተዋል።

ፊሽካው ሲነፋ ከተሸነፈው ልጅ አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፤ «መልስ!» የመልስ ጨዋታ ማለቱ ነው።

ይህቺ «መልስ» የምትል ቃል ስለ ጌም ከተጻፉ ብዙ ትንታኔዎች የበለጠ ታስረዳለች ብዬ አምናለሁ። ልጁ ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ሜዳ፣ ያንኑ ቡድን ነው እንደገና የሚፈልገው። ትናንትም ተጫውቶታል፣ ነገም ይጫወተዋል። ለምን? መጀመሪያ ነገር ግጥሚያው አልቋል፤ አሸናፊና ተሸናፊ ተለይቷል፣ ስለዚህ የሚመለስ ነገር አለ። ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችል ነበር። ከሁሉም በላይ ተጋጣሚው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይጫወትም። አሥር ደቂቃ ደግሞ ለመሸነፍ ርካሽ ነው። ሦስት ሰዓት ለፍቶ የተሸነፈ ሰው «መልስ» አይልም፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሠላሳ ሰዓቱን ሃያ ደቂቃ ያደረጉት ልጆች

«በፕሌይስቴሽን ቤት ረጅም ጌምም እኮ ይከፈት ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ግራንድ ቴፍት አውቶ፡ ሳን አንድሪያስ»ን በኔ ዕድሜ ያለ የሐዋሳ ልጅ ያውቀዋል። ሲጄ የሚባል ወጣት እናቱ ስትሞትበት ወደ ትውልድ ሰፈሩ ሎስ ሳንቶስ ይመለሳል፤ ታሪኩ ከዚያ ተነስቶ በሦስት ትልልቅ ከተሞች ይዞርና ተመልሶ ሎስ ሳንቶስ ላይ ያበቃል። ሚሽኖቹ ወደ መቶ ይጠጋሉ። ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ሠላሳ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ታዲያ ስንቶቻችን ጨረስነው? እኔ በልጅነቴ አብረውኝ ከተጫወቱት ውስጥ መጨረሻውን ያየ አላውቅም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ፕሌይስቴሽን 2 ጨዋታ የሚያስቀምጠው 8 ሜጋባይት በምትይዝ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነበር። በግል ቤት ካርዷ የአንድ ሰው ናት። በፕሌይስቴሽን ቤት ግን የሁሉም ናት፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማንም አይደለም። ዛሬ አምስት ሚሽን ሠርተህ ሴቭ ያደረግከውን ነገ የመጣ ልጅ የራሱን ይጽፍበታል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሴቭ ያላደረግከው ሁሉ ይሄዳል። በኪስህ ያለችው ገንዘብ ግማሽ ሰዓት ብቻ የምታጫውት ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሎስ ሳንቶስን እንኳ ዞረህ አትጨርስም።

ልጆቹ ምን አደረጉ? ታሪኩን ተዉት። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ኮድ ጽፈው መጡ። ክብ፣ ኤል አንድ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ወደ ታች፣ እያሉ እየተቀባበሉ ያነባሉ፤ መሣሪያው ይመጣል፣ ገንዘቡ ይመጣል፣ ታንኩ ከሰማይ ዱብ ይላል። ከዚያ ፖሊስ ይቆሰቆሳል፣ ኮከቦቹ አንድ ሁለት እያሉ ይጨምራሉ፣ ስድስት ሲደርሱ ጦር ሠራዊቱ ይወጣል፣ ሲጄ ይሞታል። ቀጣይ ተረኛ!

አስቡት እስቲ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የሠላሳ ሰዓት ታሪክ ሠራ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ያንን ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ዙር ቆራርጠው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰጥተው፣ ተራ አበጅተው፣ «ማን ከፖሊስ ረጅም ጊዜ ያመልጣል» የሚል የራሳቸውን ጌም ሠሩበት። ለዓመታትም ደጋግመው ተጫወቱት። በኔ እምነት ይሄ ማጭበርበር አልነበረም። ጌሙ የነሱን ጊዜና የነሱን ኪስ እንዲመስል ያደረጉት ማስተካከያ ነበር። አዘጋጆቹን ማመስገን ያለብንም ለዚህ ነው፤ ጌሙ ለመቆረጥ የሚመች ሆኖ ተሠርቷል። ታሪኩን ካልተከተልክ አላጫውትም የሚል ጌም ቢሆን ኖሮ ከአግዳሚው ፊት በሳምንቱ ይነሳ ነበር።

ሳንቲም ከምትቆጥረው ማሽን እስከ 500 ሰዓት

ይሄ የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ቪዲዮ ጌም ሲወለድም እንዲሁ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጌም የሚገኘው በአዳራሽ ውስጥ በቆሙ ማሽኖች ላይ ነበር፤ ሳንቲም ትከታለህ፣ ትጫወታለህ፣ ትሞታለህ፣ እንደገና ሳንቲም ትከታለህ። የኛ ፕሌይስቴሽን ቤት የዚያ አዳራሽ የአጎት ልጅ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የአካሄድን ነገር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከላይ የሚወርዱት ጠላቶች መጀመሪያ ዝግ ብለው ነው የሚንቀሳቀሱት። እየተመቱ ቁጥራቸው ሲያንስ የቀሩት እየፈጠኑ ይሄዳሉ። መነሻው እንዲያውም የማሽኑ አቅም ማነስ ነበር፤ የሚስላቸው ነገሮች ሲቀንሱለት ማሽኑ ራሱ ይፈጥናል። የጌሙ ሠሪ ይህንን እንዳለ ተወው። ውጤቱ ምን ሆነ? ማሸነፍ ስትቃረብ ልብህ ይበልጥ ይመታል። አንድ ዙር ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ ግን መነሻ፣ መክረሪያና መጨረሻ አለው።

«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ»ም (1985 እ.ኤ.አ.) 32 ደረጃዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አቋራጮቹን የሚያውቁ ባለሙያ ተጫዋቾች ዛሬ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሱታል። አርባ ዓመት ያለፈውን፣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅን ጌም አሁንም አንዲት ሰከንድ ለመቀነስ የሚደጋግሙ ሰዎች አሉ። ርዝመት ዋጋ ቢሆን ኖሮ ይሄ ጌም ድሮ በተረሳ ነበር።

ታዲያ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ? ከዋጋው ነው። ጌም በዲስክ ተሸጦ ወደ ቤት ሲገባ፣ በተለይ አንዱ 60 እና 70 ዶላር ሲሸጥ፣ ገዢው «ለገንዘቤ ስንት ሰዓት አገኛለሁ?» ማለት ጀመረ። ኩባንያዎቹም ሰዓት መቁጠርን ማስታወቂያ አደረጉት። የዚህ ጫፍ የታየው በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ነው። «ዳይንግ ላይት 2» የተባለው ጌም ሊወጣ ሲል አዘጋጁ ቴክላንድ፣ ሁሉን ነገር አሟጦ ለመጨረስ ቢያንስ 500 ሰዓት ይፈጃል ብሎ በኩራት አወጀ። ጭብጨባ ጠብቆ ነበር። የመጣለት ግን ተቃውሞ ነው፤ «ማን 500 ሰዓት አለው?» የሚል። ወዲያው ዋናው ታሪክ 20 ሰዓት ያህል ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ተገደደ። «አሳሲንስ ክሪድ» የተባሉትን ጌሞች የሚሠራው ዩቢሶፍትም በ2020 እ.ኤ.አ. እጅግ ረጅሙን «ቫልሃላ»ን ካወጣ በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ሚራዥ»ን ሆን ብሎ አሳጥሮታል።

በአንጻሩ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፖርታል» በሦስት ወይም በአራት ሰዓት የሚያልቅ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከምርጦቹ ተርታ ይጠራል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 2»ም አጭር ነው፤ ነገር ግን በሊዮንም በክሌርም መጫወት ይቻላል፤ አንዱን ስትጨርስ ሌላኛዋ በዚያው ሌሊት ምን እንደገጠማት ለማየት ትመለሳለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በፈጀብህ ጊዜ ተመዝነህ ደረጃ ይሰጥሃል። አጭር መሆኑ ጉድለት አልሆነበትም፤ የመመለሻ መንገዱ ሆነለት።

የአያቶቻችን ጌም

የቆዩት የሀገራችን ጨዋታዎችም ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሰንጠረዥን እንውሰድ። በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ ከዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ የሚለይበት አንድ አስደናቂ ሥርዓት አለው፤ ጨዋታው በተራ አይጀመርም። መጀመሪያ «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለ። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እኩል፣ እጃቸው እንደፈጠነላቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ዓይናቸው ደግሞ የባላጋራቸው አሰላለፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በተራ፣ በእርጋታ፣ በሐሳብ ይሆናል።

ይሄ እኮ ስለ አካሄድ በደንብ ያሰበ ሰው ሥራ ነው! መጀመሪያ ግርግር፣ ቀጥሎ ጸጥታ። ወረራው በየጊዜው የተለየ ስለሚሆን ሁለት ጨዋታ ከአንድ ቦታ አይነሳም። በዚያ ላይ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት አሸነፍክ የሚለው ይጠየቃል። በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሡን ማትረፊያ ማሳጣት እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ ጠጠሮች ማሸነፍ ግን ያስመሰግናል። ስለዚህ ያሸነፈም ሰው «ይበልጥ አሳምሬ ላሸንፍ» ብሎ ይደግማል። የዛሬዎቹ ጌም ሠሪዎች በሜዳሊያና በኮከብ ሊያመጡት የሚለፉትን ፍላጎት ሰንጠረዥ በሙገሳ ብቻ ያመጣዋል።

ገበጣም እንዲሁ ነው። ለገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈርና ጠጠር መልቀም ይበቃል። በአንዳንድ ዓይነቱ በአንደኛው ዙር ብዙ የሰበሰበ ሰው በሚቀጥለው ዙር ከባላጋራው ጉድጓድ ይወስዳል። ዙሩ አለቀ፤ ነገሩ ግን አላለቀም። «መልስ» የምትለዋ ቃል በሕግ ተጽፋ ጨዋታው ውስጥ ገባች ማለት ነው። ሚሞሪ ካርድ አይፈልግም፤ መብራት ቢጠፋም ጉድጓዱ እዚያው ነው።

ረጅም ሁሉ መጥፎ ነው ወይ?

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህንን ሐሳቤን ሲሰማ «አንተ ትዕግሥት የለህም እንጂ ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ከልብ አይወጣም» አለኝ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ረጅም ነገር ሁሉ ይሰለቻል ብዬም አልተነሳሁም።

ለኛ ትምህርት ክፍል ቅርብ የሆነ ምሳሌ ላንሳ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ በድምፁ ሲተርከው ግን ሰው በወፍራምነቱ አልተማረረም። ለምን? በክፍል በክፍል ነዋ የቀረበው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መነሻና የራሱ ማቆሚያ አለው፤ ማቆሚያው ደግሞ ለቀጣዩ ያንጠለጥላል። ተራኪው የሚፈጥንበትን ያውቃል፣ ዝም የሚልበትንም ያውቃል። መጨረሻውን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ በየጊዜው እንደገና ሲያዳምጡት ኖረዋል። እንግዲህ ርዝመት የሚያስፈራው አካሄድ ሲጎድለው ነው ማለት ነው። ረጅም ሥራ በአጫጭር ሙሉ ክፍሎች ከተሠራ ይደገማል፤ አጭር ሥራ አካሄድ ከሌለው ግን በአምስት ደቂቃውም ያዛጋል።

ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይሄ ነው፤ ረጅም ጌም ይሁን፤ ግን ከአግዳሚው ላይ ሲነሱ አንድ ነገር ጨርሶ የመነሳት ስሜት ይስጥ።

ማብቂያ የሌለው ነገር

አሁን ደግሞ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ጌም ከፕሌይስቴሽን ቤት ወጥቶ ወደ ኪሳችን፣ ወደ ሞባይላችን ገብቷል። የሞባይል ጌም ዙሩ አጭር ነው፤ አንዳንዱ ሁለት ደቂቃም አይሞላ። «ታዲያ አንተ የምትለው ተሟላልህ አይደል?» ልትሉኝ ነው። አይደለም፤ ልዩነት አለው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካንዲ ክራሽ»ን ተመልከቱ። አምስት ነፍስ ይሰጥሃል። አምስቱም ካለቁ አንዷ ነፍስ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ ወይም ትከፍላለህ። ፋታው ለተጫዋቹ ትንፋሽ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ በጓጓበት ሰዓት አቁሞ ኪሱን ለመንካት ነው። ደረጃው በሺዎች ይቆጠራል፤ በየጊዜውም ይጨመርበታል። ዙሩ ያልቃል፤ ጌሙ ግን መቼም አያልቅም፤ «አሸነፍኩ» ብሎ የሚነሳ ሰው የለም። በፕሌይስቴሽን ቤት ግን ከኋላህ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ አለ። ያ ልጅ ዳኛ ነው፤ «በቃህ ተነስ» ይልሃል። ሞባይል ላይ «በቃህ» የሚል የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱሰኝነትን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ እንዲካተት በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቆ፣ መዝገቡ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን የማነሳው ጌም የተጫወተ ሁሉ ሱሰኛ ነው ለማለት አይደለም። ደጋግሞ መጫወት ሁለት ዓይነት መሆኑን ለማሳየት ነው። አንዱ ፈልገህ የምትመለስበት ነው፤ ሌላው መውጫው ጠፍቶህ የምትቆይበት ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱም «ደጋግሞ ተጫወተ» ነው የሚባለው። መለያው ደግሞ ማብቂያ ነው። ጥሩ ጌም ያባርርሃል፤ አንተ ነህ ተመልሰህ የምትመጣው። ነገ ፈተና ላለበት ተማሪ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። «አንድ ግጥሚያ ብቻ» ብሎ ገብቶ አንድ ግጥሚያ ተጫውቶ መውጣት የሚቻልበት ጌም ያከብረዋል።

ማብቂያ የለውም የሚባለው «ቴትሪስ» እንኳ ማብቂያ አለው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ የተፈጠረው ይህ ጌም ሁልጊዜ በመሸነፍ ነው የሚያልቀው፤ ጡቦቹ እየፈጠኑ ይመጣሉ፣ አንተ ትዘገያለህ፣ አበቃ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ታዳጊ የቆየውን የኔንቲዶ ቴትሪስ ተጫውቶ ጌሙ ራሱ ተንቀራፍፎ እስኪቆም ድረስ አደረሰው። ጌሙ ላይ የተቀመጠው አርባ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነበር። ለዓመታት «አይቻልም» የተባለው ነገር የተደረገው ከአንድ ክፍለ ጊዜ ባነሰ ሰዓት ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ጌም መሥራት እዚህ ሀገርም ተጀምሯል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ዶሮ እያመለጠች የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ሞባይል አምጥቷል። ሁለቱም አጭር ዙር ያላቸው መሆናቸው ደስ ይለኛል። በኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ያሉ ጓደኞቻችንም አንድ ቀን ጌም እንሠራለን ይላሉ። ብዙዎቹ ሲያወሩ ግን የሚመኙት የውጭውን ዓይነት፣ ዓለም የሚያህል ካርታና መቶ ሚሽን ያለውን ነው። የኔ ምክር የሚሰማኝ ካለ ይሄ ነው፤ ሠላሳ ሰዓት ለመሙላት አትልፉ። አቅሙም የለም፤ ቢኖርም አያስፈልግም። አንድ አሥር ደቂቃ ሥሩ፤ ነገር ግን ሰው «መልስ!» የሚልበት አሥር ደቂቃ ይሁን። የሰንጠረዥን ወረራ ሞባይል ላይ ብታመጡት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጫወተው ቢሆን፣ መብራት ቢጠፋ የማይቆጭበት ቢሆን፣ ኢንተርኔት ባይጠይቅ፣ ይሄ ከማንም ያልተኮረጀ ጌም ነው።

ለኛም ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ድርሻ አለን። ስለ ጌም ስንጽፍ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚለውን ትተን ሌላ እንጠይቅ። አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ነው? ፋታው የት ነው? ማን ብሎ የሰጠው ፋታ ነው፣ ተጫዋቹ እንዲተነፍስ ወይስ እንዲከፍል? ካለቀ በኋላ የሚያስመልስ ምን አለው? እነዚህን ጥያቄዎች ለሬዲዮ ፕሮግራማችንም፣ ለምንጽፈው ፊቸርም ብንጠይቃቸው የሚጎዳን አይመስለኝም። አንድ ሰዓት ተሰጠን ብለን አንድ ሰዓት ስንሞላ፣ ገጽ ተሰጠን ብለን ገጽ ስንሞላ፣ አድማጩ ለነገ የሚመለስበት ምክንያት እንዳለው ማን ያያል?

የሐዋሳ ልጆች ይህንን ያለ መምህር ያወቁት ነገር ነው። ገንዘባቸው ትንሽ፣ ሰልፉ ረጅም፣ ሚሞሪ ካርዱ የጋራ፣ መብራቱም ሄድ መጣ ስለነበረ ጌሙን በዙር ለኩት። ያንን መለኪያ ከነሱ ብንወስድ ምን ይለናል?

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ አንባቢ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። የመልስ ጨዋታ አልፈራም።